የሊዝ ካርታ ዛፍ አያስቆርጥም

ጥያቄ፦ «የምንኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳር፣ ከየካ ተራራ ግርጌ ነው። ከሰፈራችን በላይ ባለው የባህር ዛፍና የጥድ ደን ውስጥ አንድ የሪል ስቴት ድርጅት በቆርቆሮ አጥሮ ሎደር አስገብቷል። ማታ ማታ ዛፍ ይወድቃል፣ ገልባጭ አፈር እያመጣ ይደፋል። ስንጠይቃቸው የሊዝ ካርታ አለን ይላሉ። ወረዳ ስንሄድ ደግሞ ባህር ዛፍ ደን አይባልም፣ ለማንኛውም በምትኩ 10 ሺህ ችግኝ ይተክላሉ ተባልን። ቪዲዮ ቀርጸን ብንለቅም ለውጥ የለም። አሁን ያሰብነው ነዋሪው አዋጥቶ የቀረውን ደን ራሱ አጥሮ እንዲጠብቅ ነው። ያዋጣናል? ማን ጋ እንሂድ?»

ምላሽ፦

አጥሩን ተዉት። መሬቱ የእናንተ ይዞታ ስላልሆነ፣ አጥር በሠራችሁ ማግስት በወረቀት ላይ ሕገ ወጥ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ደንብ ማስከበር መጥቶ መጀመሪያ የሚያፈርሰውም የእናንተን ነው። ሎደር ፊት መቆም፣ ቁልፍ መንጠቅ፣ ከጥበቃዎች ጋር መጋፋትም እንዲሁ ነው፤ ስለ ደን የነበረው ጉዳይ የሁከት ጉዳይ ሆኖ ያርፋል። ለአጥር የምታዋጡት ብር ለአንድ ቀን የቀያሽ ክፍያ፣ ለሰነድ ኮፒና ለጠበቃ ምክር ቢውል ይሻላል።

አሁን የተነገራችሁን እንይ። ባህር ዛፍ ደን አይባልም የሚለው ስህተት ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ለደን ሽፋን ልኬት የያዘችው መስፈርት ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ ቢያንስ 2 ሜትር ቁመት የሚደርሱ ዛፎች፣ ቢያንስ 20 በመቶ የጥላ ሽፋን፣ ማለትም ቅርንጫፍና ቅጠላቸው የሚሸፍነው መሬት። ዝርያ አይመርጥም። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ገብቶ እንጦጦንና የካን የሸፈነ የተተከለ ደን ነው፤ የተተከለ መሆኑ ከሕግ ውጭ አያደርገውም። ባህር ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ወቀሳ በምንጭና በወንዝ ዳር እውነትነት አለው። በተራራው ተዳፋት ላይ ግን ያረጀ ባህር ዛፍ ሥር ቅጠሉ ካልተጠረገና ከብት ካልገባ የሐበሻ ጥድ፣ ወይራና አጋም ራሳቸውን ችለው ሲበቅሉ ይታያል። ባህር ዛፍን አንስቶ በአገር በቀል ዛፍ መተካት አንድ ሥራ ነው፤ ባህር ዛፍን አንስቶ ኮንክሪት ማፍሰስ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ። ወረዳው የመጀመሪያውን ክርክር ይዞ ሁለተኛውን እየፈቀደ ከሆነ ይህንኑ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ በአፍ የሚባለው በጽሑፍ አይወጣም፣ አለመውጣቱም ለእናንተ መረጃ ነው።

ካርታ አለን ለሚለው መልሱ፦ ሊኖራቸው ይችላል፣ ግን ካርታ የሚመልሰው የመሬቱ ተጠቃሚ ማነው የሚለውን ብቻ ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት የሚሰጠው ለተወሰነ አገልግሎት ነው፤ አገልግሎቱን መለወጥ ሌላ ፈቃድ ይፈልጋል። ከካርታው በተጨማሪ ቦታው የመላ ከተማውን የመሬት አጠቃቀም በሚወስነው መዋቅራዊ ፕላንና የሰፈሩን ዝርዝር በያዘው የአካባቢ ልማት ፕላን ላይ ለምን ተመደበ የሚል ማረጋገጫ፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ (ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀድሞ የሚጠናበት ሂደት) ለሚያስፈልገው ፕሮጀክት የይሁንታ ደብዳቤ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ በመጨረሻም የዛፍ መቁረጫና እንጨቱን የማጓጓዣ ፈቃድ አለ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ሕገ ወጥ ነው፣ ካርታው የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን። ስለዚህ «ካርታ አሳዩን» እያላችሁ አትከራከሩ፤ ምናልባት እሱ አላቸው። የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ ወይ የተጽዕኖ ግምገማው ነው ወይ የአጠቃቀም ለውጡ።

እዚህ ላይ ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ማምታቻ አለ። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራበት የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 30 በመቶውን ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶውን ለግንባታ መድቧል። አልሚዎች ይህን ይዘው «ከግቢያችን 30 በመቶውን አረንጓዴ እናደርጋለን፣ ፕላኑን አከበርን» ይላሉ። ክፍፍሉ የከተማዋ አጠቃላይ ድርሻ ነው። በፕላኑ ላይ ደን ተብሎ የተቀለመ ቦታ ውስጥ የግንባታ 40 በመቶ የሚባል የለም።

ችግኙን በተመለከተ አንድ ስሌት በቂ ነው። ችግኝ በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል፤ 10 ሺህ ችግኝ 4 ሄክታር ይፈልጋል። በ3 ሜትር ርቀት ከሆነ 9 ሄክታር። ይህ 4 ወይም 9 ሄክታር የት ነው? የማን ይዞታ ነው? ሦስት ዓመት ማን ያጠጣዋል፣ ማን ከከብት ይጠብቀዋል? መልስ ከሌለ ቃሉ ቁጥር ብቻ ነው። ደግሞ ከሰፈራችሁ በላይ ያለው ተዳፋት የክረምቱን ጎርፍ የሚያበርደው እዚያው በመቆሙ ነው፤ ሌላ ወረዳ የተተከለ ችግኝ የእናንተን ቦይ አይጠብቅም።

የጻፋችሁልኝ፣ የቆርቆሮ አጥሩ፣ የማታ ቆረጣውና የሚደፋው አፈር፣ የአንድ የታወቀ አካሄድ መካከለኛ ምዕራፎች ናቸው። ሲጀመር «የአፈር ምርመራ» ወይም «ቅየሳ» ተብሎ ለአንድ መኪና የሚበቃ መግቢያ ይከፈታል። መግቢያ ከተከፈተ ማገዶ ለቃሚውም ድንጋይ አውጪውም ይገባበታል፤ በኋላ ጫካውን ያጠፋው ሕዝቡ ነው ለማለት ይመቻል። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ከእንጦጦና ከየካ የሚወርዱ እናቶች በየስብሰባው የሚወቀሱት በዚህ ነው። የወደቀ ቅርንጫፍ የሚለቅም ሰው ግን ጉቶ አይነቅልም። ከዚያ ቆርቆሮ አጥርና የጥበቃ ጎጆ ይመጣል። አጥሩ የሚያገለግለው ሌባ ለመከልከል ሳይሆን ዓይን ለመከለል ነው።

ቀጥሎ የአፈር ሙሌቱ ይመጣል፤ ይህን ሰው ስለሚንቀው ላስረዳ። የዛፍ መጋቢ ሥሮች አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው ግማሽ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፣ አየርም ይፈልጋሉ። ከሌላ ግንባታ የተቆፈረ ጥቁር ኮትቻና ፍርስራሽ ግንዱ ዙሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ከተደፋና ሎደር ከሄደበት፣ ሥሩ ታፍኖ ዛፉ በአንድ ወይም በሁለት ክረምት ውስጥ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። መጋዝ የነካው የለም። ቅርፊቱን ዙሪያውን መላጥና ከግንዱ ሥር እሳት ማንደድም ውጤታቸው ተመሳሳይ ነው። የደረቀው ዛፍ «አደገኛ ዛፍ» ተብሎ መቁረጫ ፈቃድ ይወጣበታል፤ ለ30 ዛፍ የወጣ ፈቃድም ለ300 ይሠራል፣ ጉቶ ቆጥሮ ከፈቃዱ ጋር የሚያስተያይ የለምና። መሬቱ ከተራቆተ በኋላ ደግሞ «ባዶ መሬት ነው» ተብሎ የአጠቃቀም ለውጥ ይጠየቃል። የነገሩ ቁልፍ ይህ የመጨረሻው ደረጃ ነው፤ ቆረጣው ሁሉ የተደረገው ለዚህ ማመልከቻ ነው። የእናንተም ዋና ሥራ መሬቱ መቼ ደን እንደነበረና መቼ እንደተራቆተ በቀን ማረጋገጥ ነው።

የለቀቃችሁት ቪዲዮ ያልሠራው ለዚህ ነው። ዛፍ ሲወድቅ ያሳያል፤ የት፣ መቼ፣ በማን ድንበር ውስጥ የሚለውን አያሳይም። ባህር ዛፍ በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ከጉቶው የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ስለሆነ ድርጅቱ «እንጨት ሰበሰብን» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ምርት መሰብሰብ ደግሞ በራሱ ወንጀል አይደለም። ልዩነቱ ያለው ጉቶው ላይ ነው። ለምርት የሚቆርጥ ሰው ጉቶውን ዝቅ አድርጎ በንጽሕና ቆርጦ ይተወዋል፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ቡቃያ ይወጣዋል። ለግንባታ የሚመነጥር ጉቶውን በእስካቫተር ይነቅላል፣ ሥሩን ከምሮ ያቃጥላል፣ ጉድጓዱን በሙሌት ይደፍናል። አቤቱታችሁ ውስጥ «ዛፍ ተቆረጠ» ከሚል ይልቅ «ጉቶ ተነቅሏል፣ የላይኛው አፈር ተገፍቷል፣ ሙሌት ተደፍቷል» የሚል ቃል ይግባ።

አቆጣጠሩም ቀላል ነው። ከአጥሩ ውጭ ሕጋዊ መግቢያ ባለው በኩል 20 በ20 ሜትር ቦታ በገመድ ለኩ፣ በውስጡ ያሉትን ጉቶዎችና የተነቀሉ ጉድጓዶች ለየብቻ ቁጠሩ፤ ቁጥሩን በ25 ስታባዙት የአንድ ሄክታር ግምት ይሰጣችኋል። ቢያንስ ሦስት እንዲህ ዓይነት ቦታ ከተለያየ አቅጣጫ ያዙ፣ አንዱ ብቻ ከሆነ መርጣችሁ ነው ይባላል። የጉቶውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክታችሁ ለ3.14 ብታካፍሉ ውፍረቱ ይገኛል። የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ኮሶ ወይም ዋንዛ ካለበት ለብቻው መዝግቡት፤ እነዚህ አራቱ በ1986ቱ የደን አዋጅ በስም ተለይተው የተጠበቁ ስለሆኑ የጉዳዩን ክብደት ይለውጣሉ። የፈረንጅ ጥድን ከሐበሻ ጥድ እንዳታምታቱ ግን ተጠንቀቁ። ደብዳቤው ላይ አንድ የዝርያ ስህተት ከተገኘ ሌላውም ሁሉ ይጣጣልበታል። ከማንኛውም የመስክ ባለሙያ ጋር አንድ ጊዜ ዙሩ።

ፎቶ ስታነሱ ከአንድ ነጥብ ወደ አራቱም አቅጣጫ አንሱ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ ወይም የውኃ ታንከር፣ ውስጡ ይታይ። የስልኩ የቦታ መለያ ይከፈት። ፎቶውን ለጓደኛ በቴሌግራም እንደ ተራ ምስል ከላካችሁት መጠኑ ይቀንሳል፣ ከጀርባው የተጻፈው ቀንና ቦታም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ላኩት፣ ዋናውንም ከስልኩ አታጥፉ። ስልክ በጥላ ሥር ከ5 እስከ 10 ሜትር ሊስት ስለሚችል በእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ጊዜ አንብባችሁ መሃለኛውን ውሰዱ።

አሁን ብዙ ሰነድ የሚበላሽበት ነገር ላይ ደርሰናል። አዲስ አበባ ያለችው፣ ዩቲኤም በሚባለው የካርታ ቦታ መለያ ሥርዓት፣ በዞን 37 ነው። የቆዩ ካርታዎችና ሳይት ፕላኖች (የይዞታውን የድንበር ነጥቦች የሚያሳዩ ንድፎች) የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የአገሪቱ የድሮ የልኬት መነሻ ነው፤ ስልካችሁና ጎግል ኧርዝ የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መነሻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ነው። የሳይት ፕላኑን ቁጥር እንዳለ ስልካችሁ ላይ ብታስገቡት ድንበሩ ሌላ ሰፈር ላይ ይወድቃል። አንዳንዴ ይህ ስህተት ለአልሚው ይሠራል፣ በደኑ ውስጥ 200 ሜትር ገብቶ «ካርታዬ ይላል» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ተቃዋሚው ራሱ ባልተለወጠ ቁጥር ክስ መሥርቶ ይሸነፋል። ለቀያሹ የምትከፍሉት ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ የካርታውን ነጥቦች በትክክለኛው መነሻ ለውጦ መሬት ላይ ማሳየትና በፊርማው ማጽደቅ። ውጤቱን ካየን በኋላ እንወስናለን አትበሉ፣ ካርታው ትክክል ሆኖ ቢገኝም ሰነዱ ይጠቅማችኋል፣ ክርክሩ ከድንበር ወደ ፈቃድ ይዞራል።

ለጊዜ ማስረጃ ነጻ የሳተላይት ምስል አለ። ሴንቲኔል 2 የሚባለው በየ5 ቀኑ ያልፋል፣ እያንዳንዱ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ነው፤ አንድ ዛፍ አያሳይም፣ ግማሽ ሄክታር ግን 50 ነጥብ ስለሚሆን በደንብ ይታያል። ለጠራ ምስል የጎግል ኧርዝን የድሮ ምስሎች ማየት ይቻላል፣ ቀኑ ግን አልፎ አልፎ ነው። የትኛውን ወር እንደምትመርጡ አስቡበት። ክረምት ደመና ነው። መስከረምና ጥቅምት የተመነጠረው ቦታ በሣር ተሸፍኖ ከደን ጋር ይመሳሰላል። ጥርና የካቲት ሣሩ ደርቆ ዛፉ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቀር ልዩነቱ ፍንትው ይላል። የሦስት ዓመት የጥር ምስል ጎን ለጎን አትማችሁ ካያያዛችሁ «ባዶ መሬት ነበር» የሚለው ንግግር ብዙ አይሄድም።

ወዴት ትሄዳላችሁ? መጀመሪያ ቦታው የየትኛው አስተዳደር እንደሆነ አረጋግጡ። በ2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ የወሰን ስምምነት ካደረጉና በ2015 የሸገር ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ሰዎች ለማይመለከተው ቢሮ ወራት ይገብራሉ። የተራራው ጀርባ ወደ ሸገር የሚወድቅ ከሆነ አቤቱታው ለኦሮሚያ መሥሪያ ቤቶች፣ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ይቅረብ፤ በአማርኛ ወስዳችሁ ተርጉማችሁ ኑ መባል ጊዜ መጨረስ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ ዋናው ተቀባይ የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ግልባጭ ለፕላን፣ ለመሬት ልማትና ለግንባታ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶች ይሂድ። ወረዳውን ዝለሉት አልልም፣ ግን እዚያ አትቁሙ።

መሠረታችሁ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ይሁን። ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አካባቢን የሚጎዳን ሰው ለባለሥልጣኑ ማመልከት ይችላል ይላል። ስለዚህ «እናንተ ምን አገባችሁ፣ መሬቱ የእናንተ ነው?» ሲባል መልሱ አንቀጹ ነው። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ጥር 5 ገቢ ያደረጋችሁት ማመልከቻ የካቲት 5 ቀኑ ይሞላል፣ ከዚያ የክስ ጊዜው እስከ ሚያዝያ 5 ነው። ጳጉሜን በመሃል ካለች ቀኖቿን ቁጠሩ። 60ው ቀን ካለፈ በዚህ መንገድ የመክሰስ መብታችሁን ታጣላችሁ። «ነገ ኑ» እየተባለ የሚቃጠለው ይህ ጊዜ ነው፤ የቃል ቀጠሮ ቀኑን አያቆመውም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ውሰዱ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ይደረግበት፤ ማህተም የሌለው ቅጂ ፍርድ ቤት ምንም አይደለም። ፈራሚዎች ከሦስት እስከ አምስት በስማቸው የሚቆሙ ሰዎች ቢሆኑ ይበቃል። እድሩ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ሆኖ ካልተመዘገበ በእድሩ ስም አትጻፉ። የ200 ሰው ፊርማ ለጋዜጣ ጥሩ ነው፣ ለመዝገብ ግን ከመጥሪያ ማድረሻው ጀምሮ ራስ ምታት ነው። ጥያቄያችሁ አራት ነገር ይሁን፦ ሥራው እንዲቆም፣ ፈቃዶቹ እንዲመረመሩ፣ ቦታው እንዲለካ፣ የተጎዳው በቦታው እንዲመለስ። ስድብና «ሌባ» የሚል ቃል አይግባበት። የድርጅቱን ስም ከወንጀል ጋር አያይዞ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም እንዲሁ የስም ማጥፋት ክስ በር ይከፍታል።

በዚያው ቀን የመረጃ ጥያቄ አስገቡ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። የምትጠይቁት ጠቅላላ «ሰነዱን ስጡን» አይሁን፤ የሳይት ፕላኑ የነጥቦች ዝርዝር፣ የቦታው የአጠቃቀም ምደባ፣ የተጽዕኖ ግምገማ ይሁንታው ቁጥርና ቀን፣ በመቁረጫ ፈቃዱ ላይ የተፈቀደው የዛፍ ብዛት። የተጽዕኖ ግምገማ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰጥበት 299/1995 ራሱ ያዝዛል። የይሁንታው ቀን ከቆረጣው በኋላ ከሆነ ጉዳዩን ግማሽ መንገድ ወስዳችሁታል፤ ይሁንታ ሳይገኝ ግምገማ የሚያስፈልገውን ፕሮጀክት መጀመር በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 521 እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ያስቀጣል። ከውስጥ መረጃ የሚሰጣችሁ ሾፌር ወይም ቀያሽ ካለ ስሙን በጽሑፍ አታስፍሩ፤ የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ቢኖርም ከሥራ የሚባረረው ከጥበቃው በፊት ነው።

30 ቀን ለአንድ ሎደር ብዙ ጊዜ ነው፣ ሄክታሮች ያነሳበታል። ስለዚህ ከአቤቱታው ጎን ለጎን አስቸኳይ እግድ መጠየቅ አለባችሁ። አስተዳደራዊው መንገድ የግንባታ ፈቃድን የሚቆጣጠረው የሕንፃ ሹምና ደንብ ማስከበር ሥራው ያለ ፈቃድ እንደሆነ አይተው እንዲያስቆሙት በጽሑፍ መጠየቅ ነው። በፍርድ ቤት ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 154 ጊዜያዊ እግድ ይጠየቃል፤ ለዚህ ክስ መኖር ስላለበትና መዝገቡ በደንብ መዘጋጀት ስላለበት ያለ ጠበቃ አትሞክሩት። የተሰጠ እግድ ቀን ቀን ተከብሮ ማታ ሲጣስ የተለመደ ነው። ከየግቢያችሁ ሆናችሁ የመኪናውን ታርጋ፣ ሰዓቱንና የጭነቱን ዓይነት የምትመዘግቡበት ደብተር ያዙ። ኮድ 3 ገልባጩም ሎደሩም ብዙ ጊዜ የኪራይ ናቸው፤ የማሽኑ ባለቤት እግዱ ኮፒው ደርሶት ሲያይ ከአልሚው ቀድሞ ማሽኑን ያወጣል። የበዓል ዋዜማና ተከታታይ የዕረፍት ቀናት ላይ ንቁ፤ ቢሮ ዝግ፣ ማሽን ክፍት ነው።

የዚህ ሁሉ ገደብ እንዲህ ነው። ከተማው ራሱ ፕላኑን በሥርዓቱ አሻሽሎ፣ ግምገማ አስደርጎ ቦታውን ለግንባታ ከለወጠው ሕገ ወጥ የሚለው ክስ አይቆምም፤ የሚቀራችሁ በወንዝ ዳርና በቁልቁለቱ ላይ ያለው ደን እንዲተው በቅድመ ሁኔታ ላይ መከራከር ነው። ደኑ የአርሶ አደር የግል ባህር ዛፍ ከሆነ ዛፉን መቁረጥ መብቱ ነው፣ መሬቱን ወደ ግንባታ መለወጥ ግን አይደለም። ቅጣቱም አነስተኛ ነው። በ299/1995 ያለ ይሁንታ ለጀመረ ሰው የተቀመጠው መቀጮ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ብር ሲሆን፣ በዚህ ብር በአዲስ አበባ ዳር የአንድ ቪላ አጥር አይሠራም። አልሚው መቀጮውን ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የምመክረው ቁርጥ ያለ ነው፦ መቀጮ አትለምኑ፣ በሌላ ቦታ የሚተከል ችግኝም አትቀበሉ፤ ሕጉ ፍርድ ቤት የተጎዳውን ወደነበረበት እንዲመልስ ለማዘዝ ስለሚፈቅድ የአቤቱታችሁ ዋና ጥያቄ በዚያው መሬት ላይ መመለስ ይሁን። መሬቱ ወደ ደንነቱ ከተመለሰ የተመነጠረበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል።

ሥራው ከቆመ ደግሞ የመሬቱ ጉዳይ ይጀምራል፣ ከመትከል በፊት ያለው ሥራም ከሰኔ በፊት የሚያልቅ ነው። በቆሙ ዛፎች ዙሪያ የተደፋው ሙሌት የቀድሞው አፈር እስኪታይ በአካፋ ይነሳ፣ በማሽን አይሆንም። ጥበቃ የሚያስፈልገው ስፋት የግንዱ ውፍረት በ12 ተባዝቶ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ ከግንዱ ጀምሮ በየአቅጣጫው ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ነጻ ቦታ ይፈልጋል። ያልተነቀለ ጉቶ አይነካ፤ ባህር ዛፉ ያቆጠቁጣል፣ አፈሩንም ይይዛል። በተገፋው ተዳፋት ላይ ከላይ የሚመጣውን ውኃ የሚያስቀይስ ቦይና እርከን ሳይሠራ መትከል ችግኙን ለጎርፍ መስጠት ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ የሐበሻ ጥድና ወይራ፣ ከፍ ባለውና እርጥበት ባለው በኩል ኮሶ ይተከል፤ ጉድጓዱ ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፣ ከመትከያው ሁለት ወር ቀድሞ ይቆፈር። ወጪው የአልሚው መሆኑ በትዕዛዙ ላይ ይጻፍ፣ ካልተጻፈ የእናንተ ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ግን በበጎ ፈቃድ ተነስታችሁ ጉቶ የተነቀለባቸውን ጉድጓዶች እንዳትደፍኑ፣ ችግኝም እንዳትተክሉባቸው፤ ባለሥልጣኑ ሰው ልኮ እስኪያስለካቸው ድረስ ማስረጃዎች ናቸው።